በሞለኪውል ደመናዎች ውስጥ የምት ሞገድ ታህተ ቀይ ስፔክትሮስኮፒ

የምት ሞገድ ታህተ ቀይ ስፔክትሮስኮፒ ከዋክብት በሚወለዱባቸው የሞለኪውል ደመናዎች ውስጥ በፈጣን ፍሰት ተመትቶ የጋለ ጋዝን፣ ከሚያወጣው ታህተ ቀይ ብርሃን በመነሣት የሚመረምር የሥነ ፈለክ ዘዴ ነው። የምት ሞገድ የሚባለው ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚጓዝ ጋዝ የቆመ ወይም ቀስ ያለ ጋዝ ሲገጥመው የሚፈጠረው ሹል ድንበር ነው። በዚህ ድንበር ላይ የጋዙ ሙቀት፣ እፍግታና ፍጥነት በአጭር ርቀት ውስጥ በእጅጉ ይለወጣሉ። ተመራማሪዎች የብርሃኑን የስፔክትረም መስመሮች በመለካት የተመታውን ጋዝ ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ኬሚካዊ ይዘትና የምቱን ብርታት ያውቃሉ። ዘዴው በተለይ የዳበረው ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሪዮን የሞለኪውል ደመና ላይ በተደረጉ ምልከታዎች ነው።

ደመናውና ምቱ

የሞለኪውል ደመና በከዋክብት መካከል የሚገኝ ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ክምችት ነው። የጋዙ አብዛኛው ክፍል ሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን ማለትም ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች የተጣመሩበት ሞለኪውል ነው። የደመናው ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኬልቪን ሲሆን፣ 10 ኬልቪን ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ድምፅ በጋዙ ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 0.2 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው።

በደመናው ውስጥ የሚወለድ ጨቅላ ኮከብ ግን ዙሪያውን ከከበበው የጋዝና የአቧራ ዲስክ ቁስ እየሳበ ሲያድግ፣ የተወሰነውን ቁስ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ወደ ውጭ ይወረውራል። የእነዚህ የጋዝ ጅረቶች ፍጥነት በሰከንድ ከአሥሮች እስከ መቶዎች ኪሎሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ጅረቱ በደመናው ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት በመቶዎች እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ከፊቱ ያለው ጋዝ ገለል ለማለት ጊዜ ሳያገኝ ይመታል። የጅረቱ የእንቅስቃሴ ኃይልም ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ጋዙ የሚደርስበት ሙቀት በምቱ ፍጥነት ካሬ መጠን ይጨምራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 10 ኪሎሜትር የሚጓዝ ሹል ምት ሞለኪውላዊ ጋዝን ወደ ጥቂት ሺህ ኬልቪን ያደርሳል። የጋለው ጋዝ ብርሃን እያወጣ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ፣ በታህተ ቀይ የሚታየው ቦታ በአሁኑ ወቅት እየተመታ ያለው ወይም ከጥቂት ጊዜ በፊት የተመታው ነው።

ታህተ ቀይ ጨረር የተመረጠበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት አቧራ ነው። የሞለኪውል ደመና አቧራ ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ስለሚጋርድ ደመናው በሰማይ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የሞገድ ርዝመቱ 2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነ ታህተ ቀይ ብርሃን ግን በአቧራ የሚደርስበት ቅነሳ በማግኒቱድ ሲለካ ከሚታየው ብርሃን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በሚታይ ብርሃን ፈጽሞ የማይገኙ የጋዝ ጅረቶች በታህተ ቀይ ይገለጣሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ከሃይድሮጅን ሞለኪውል ባሕርይ ይመነጫል። ሁለቱ አቶሞች አንድ ዓይነት በመሆናቸው ሞለኪውሉ አንዱ ጫፉ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ የሆነ ቋሚ የኤሌክትሪክ ዋልታ የለውም። ስለዚህ ብርሃን የሚያወጣው ኳድሩፖል በሚባለው ደካማ መንገድ ነው። ከዚህም በላይ ከሽክርክሪት መስመሮቹ ዝቅተኛውን፣ 28.2 ማይክሮሜትር ላይ የሚገኘውን ለማብራት እንኳ ሞለኪውሉ ወደ 510 ኬልቪን የሚመጥን ኃይል ማግኘት አለበት። በ10 ኬልቪን ደመና ውስጥ ይህን ኃይል የሚያገኝ ሞለኪውል የለም ማለት ይቻላል። በመሆኑም ከደመናው ብዛት አብዛኛውን የሚይዘው ጋዝ በቅዝቃዜ ጊዜ ጨለማ ነው፤ ሲመታና ሲግል ግን በታህተ ቀይ ያበራል።

የሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን መስመሮች

ሞለኪውሉ በሁለት መንገድ ኃይል ይይዛል፤ በመሽከርከርና በመንዘር። ከዚህ የተነሣ መስመሮቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

የንዝረት መስመሮች በአብዛኛው ከ2 እስከ 2.5 ማይክሮሜትር ባለው ክልል ይታያሉ። ከእነዚህ በብዛት የሚለካው 2.122 ማይክሮሜትር ላይ የሚገኘው መስመር ነው። ይህን መስመር የሚያወጣው የኃይል ደረጃ ከዝቅተኛው ደረጃ በ7,000 ኬልቪን ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ፣ መስመሩ ደምቆ የሚታየው ጋዙ 2,000 ኬልቪን ገደማ ሲደርስ ነው። መስመሩ የሚውለው የምድር ከባቢ አየር ብርሃን በሚያሳልፍበት መስኮት ውስጥ ስለሆነ ከተራራ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ ሊታይ ይችላል።

የሽክርክሪት መስመሮች 28.2፣ 17.0፣ 12.3፣ 9.7፣ 8.0፣ 6.9 ማይክሮሜትር ላይና ከዚያም ባነሱ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ይገኛሉ። እነዚህ ከጥቂት መቶ እስከ 1,000 ኬልቪን ድረስ የሞቀውን ጋዝ ያሳያሉ። ከተመታው ጋዝ በብዛት የሚበልጠው ይህ ለብ ያለው ክፍል ነው። ይሁን እንጂ የምድር ከባቢ አየር ራሱ በነዚህ ሞገዶች ስለሚያበራና በውስጡ ያለው የውኃ ተን ብዙውን ስለሚውጥ፣ መስመሮቹ በተሟላ ሁኔታ የሚለኩት ከጠፈር ነው።

ሙቀትን ከመስመሮች ማንበብ

እያንዳንዱ መስመር የሚመጣው ከታወቀ የኃይል ደረጃ ነው። የመስመሩ ድምቀት ሲለካ በዚያ ደረጃ ላይ ስንት ሞለኪውሎች እንዳሉ ይታወቃል። ጋዙ አንድ ወጥ ሙቀት ካለው፣ የሞለኪውሎቹ ቁጥር በሎጋሪዝም ሚዛን ከደረጃው ኃይል ጋር ሲነጻጸር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፤ የመስመሩም ዝንባሌ ሙቀቱን ይሰጣል። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ጎባጣ መስመር ከሠሩ ግን፣ በአንድ የእይታ አቅጣጫ ላይ ብዙ ሙቀቶች ተደባልቀዋል ማለት ነው። በተግባር የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ ይህ ጎባጣ ነው።

ከዚህ ስሌት በፊት የአቧራው ቅነሳ መታረም አለበት። ለዚህም ከአንድ የኃይል ደረጃ የሚመነጩ ሁለት መስመሮች ይረዳሉ። ለምሳሌ 2.122 እና 2.424 ማይክሮሜትር ላይ ያሉት የሃይድሮጅን መስመሮች ምንጫቸው አንድ ስለሆነ የድምቀታቸው ንጽጽር በሙቀት አይለወጥም። የተለካው ንጽጽር ከሚጠበቀው ከተለየ፣ ልዩነቱ አቧራው ምን ያህል ብርሃን እንደወሰደ ይናገራል። በ9.7 ማይክሮሜትር ላይ ያለው መስመር የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የአቧራው ሲሊኬት ማዕድን ብርሃንን አጥብቆ የሚውጠው በዚያው ሞገድ አካባቢ ነው።

ፍጥነትን ለማወቅ የሚያገለግለው የዶፕለር ለውጥ ነው። በሰከንድ 30 ኪሎሜትር የሚጓዝ ጋዝ ፍጥነቱ የብርሃን ፍጥነት አንድ አሥር ሺሕኛ ስለሆነ፣ 2.122 ማይክሮሜትር ላይ ያለውን መስመር በ0.0002 ማይክሮሜትር ያህል ያዛውረዋል። ይህን ለመለየት መስመሩን ወደ አሥር ሺህ ክፍል አጥርቶ የሚያይ ስፔክትሮሜትር ያስፈልጋል።

ምት ወይስ አልትራቫዮሌት

የሃይድሮጅን ሞለኪውል መስመር መታየቱ ብቻውን ጋዙ ተመትቷል ለማለት አያበቃም። በአካባቢው ያለ ግዙፍ ኮከብ የሚያወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ሞለኪውሉን ከፍ ወዳለ ደረጃ ካነሣው በኋላ፣ ሞለኪውሉ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ተመሳሳይ መስመሮችን ያወጣል። ይህ ፍሎረሰንስ ይባላል። ልዩነቱን ካልለዩ በኮከብ ጨረር የበራን ጸጥ ያለ ደመና እንደ ኃይለኛ ምት መቁጠር ይመጣል፤ ጅረቱ ለደመናው ያስረከበው ኃይልም ከእውነቱ በላይ ይገመታል።

ሁለቱን ለመለየት የ2.122 ማይክሮሜትር መስመር ድምቀት ለ2.248 ማይክሮሜትር መስመር ድምቀት ይካፈላል። ሁለተኛው መስመር የሚመነጨው 12,500 ኬልቪን ያህል ከፍ ካለ ደረጃ ነው። በምት ወደ 2,000 ኬልቪን በጋለ ጋዝ ይህን ደረጃ የሚደርሱት ጥቂት ሞለኪውሎች ስለሆኑ ውጤቱ 10 ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይሆናል። በፍሎረሰንስ ግን ከፍተኛ ደረጃዎች በቀላሉ ስለሚሞሉ ውጤቱ 2 ገደማ ነው። ጋዙ በጣም እፍግ ከሆነ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ በመጋጨት የፍሎረሰንስን ውጤት ወደ ምት ውጤት ሊያስጠጉት ይችላሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ንጽጽር ብቻ በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ከበለጠ ከፍታ ካላቸው ደረጃዎች የሚመጡ መስመሮችና የጋዙ ፍጥነት አብረው ይታያሉ።

ሁለቱ የምት ሞገድ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት ዝላይ ምት ነው። በዚህ ጊዜ የጋዙ ሙቀትና እፍግታ በድንገት ይዘልላሉ። ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ኪሎሜትር ገደማ ሲያልፍ ሙቀቱ ሞለኪውላዊ ሃይድሮጅንን ወደ አቶሞች ይበታትነዋል። ፍጥነቱ ይበልጥ ሲጨምር አቶሞቹ ኤሌክትሮን እያጡ አዮን ይሆናሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ተከታታይ ምት ሲሆን፣ መግነጢሳዊ መስክ ባለበትና የአዮኖች ብዛት እጅግ አነስተኛ በሆነበት ደመና ውስጥ ይፈጠራል። መስኩ በቀጥታ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አዮኖች ነው። የምቱ ወሬ በመስኩ በኩል ቀድሞ ስለሚደርሳቸው አዮኖቹ ከዋናው ጋዝ በፊት መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ ሲንቀሳቀሱም ሙል የሌላቸውን ሞለኪውሎች እየገፉ ቀስ በቀስ ያፈጥኗቸዋል። ሙቀቱ በሰፊ ቦታ ስለሚከፋፈል፣ ምቱ በሰከንድ 40 ኪሎሜትር ገደማ ቢደርስም ሞለኪውሎቹ ሳይበተኑ ሊቆዩ ይችላሉ። ይህን ሐሳብ ብሩስ ድሬይን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ሥራ በዝርዝር አቀረበ።

የኦሪዮን እንቆቅልሽ

የኦሪዮን ደመና ከምድር 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ሲሆን፣ ግዙፍ ከዋክብት ከሚወለዱባቸው ደመናዎች ሁሉ ቅርቡ ነው። የኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት በጥርና በየካቲት ምሽቶች ከኢትዮጵያ ሲታይ ከአናት ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ከዓይን የተሰወረው ጋዝ የሚገኘው ታዋቂው የኦሪዮን ኔቡላ ካለበት አቅጣጫ፣ ከኔቡላው በስተጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኤሪክ ቤክሊንና ጌሪ ኖይገባወር በዚያ ቦታ በታህተ ቀይ የሚያበራ አንድ አካል አገኙ። በዚያው ዓመት ዳግላስ ክላይንማንና ፍራንክ ሎው በአጠገቡ የተንሰራፋ የታህተ ቀይ ምንጭ ለዩ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ጎቲየ፣ ፊንክ፣ ትሬፈርስና ላርሰን ከዚህ አካባቢ የሞለኪውላዊ ሃይድሮጅንን የንዝረት መስመሮች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ቀዝቃዛ ነው ተብሎ በሚታሰብ ደመና ውስጥ 2,000 ኬልቪን ያህል የጋለ ሞለኪውል መገኘቱ ያልተጠበቀ ነበር። በ1978 ቤክዊዝና ባልደረቦቹ የብርሃኑን ካርታ ሠርተው፣ ከምንጩ ግራና ቀኝ ሁለት ደማቅ ቦታዎች እንዳሉ አሳዩ። ሥዕሉ ከመካከል ወደ ውጭ የሚወረወር ጋዝ ደመናውን እየመታው መሆኑን የሚያመለክት ነበር።

ከዚያ ግን አንድ ችግር ተከሰተ። ጆን ክዋን በ1977 ባቀረበው ስሌት መሠረት፣ ሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን ሳይበተን ሊያልፈው የሚችለው ዝላይ ምት በሰከንድ ከ24 ኪሎሜትር መብለጥ የለበትም። ዳንኤል ናዶና ቶም ጌባል በ1979 የ2.122 ማይክሮሜትርን መስመር ቅርፅ ሲለኩ ግን ጋዙ እርስ በርሱ ከ100 ኪሎሜትር በሰከንድ በላይ የሚለያይ ፍጥነት እንዳለው ተገነዘቡ። በስሌቱ መሠረት መፍረስ የነበረበት ሞለኪውል ሳይፈርስ እያበራ ነበር።

የተከታታይ ምት ሐሳብ ለችግሩ የመጀመሪያው መልስ ሆነ። በ1982 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች በሰከንድ ከ40 ኪሎሜትር በታች የሆነ ተከታታይ ምት የኦሪዮንን ደማቅ መስመሮች ሊያስገኝ እንደሚችል አሰሉ። ሆኖም በ1980ዎቹ መጨረሻ ፒተር ብራንድና ባልደረቦቹ ብዙ መስመሮችን በአንድነት ሲመረምሩ፣ ሙቀቱ አንድ ዝርግ ተከታታይ ምት ከሚሰጠው እጅግ የሰፋ ክልል እንደሚሸፍን አገኙ።

ቀጥሎ የመጣው ማብራሪያ የቀስት ቅርፅ ያለው ምት ነው። ታንኳ ውኃ እየሰነጠቀ ሲሄድ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ማዕበል እንደሚዘረጋ ሁሉ፣ በደመና ውስጥ የሚወረወር የጋዝ እብጥ ከፊቱ ቀስት መሰል ሞገድ ይሠራል። በአፍንጫው ላይ ጋዙ ፊት ለፊት ስለሚመታ ሞለኪውሎቹ ይበተናሉ። በጎኖቹ ላይ ግን ምቱ አግድም ስለሆነ ይለዝባል፤ ሞለኪውሎቹም ይተርፋሉ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ሙቀትና ብዙ ፍጥነት ይታያል፤ ፈጣን እብጥም ሞለኪውልን ሳያጠፋ ሊያበራ ይችላል።

በ1993 ዴቪድ አለንና ማይክል በርተን ከኦሪዮን መሐል እንደ ጣቶች ወደ ውጭ የሚዘረጉ ጅራቶችን ማየታቸው ይህን ማብራሪያ አጠናከረው። የጣቶቹ ጫፎች በብረት አዮን መስመር፣ ጅራቶቹ ደግሞ በሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን መስመር ያበራሉ። ጣቶቹ ወደ ኋላ ሲከተሉ ወደ አንድ አካባቢ ያመራሉ። ከዚያው አካባቢ ከዋክብት በተለያየ አቅጣጫ እየሸሹ መሆናቸውም በሬዲዮ ቴሌስኮፖች ተለክቷል። ፍጥነታቸው ወደ ኋላ ሲሰላ፣ ከዋክብቱ ከ500 ዓመታት ገደማ በፊት እጅግ ተቀራርበው እንደተለያዩና የጋዙም ፍንዳታ ከዚሁ ጋር እንደተያያዘ ያመለክታል። ይህ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ምድር ለመድረስ የፈጀውን 1,350 ዓመት አይጨምርም።

ሌሎች አቶሞችና ሞለኪውሎች

የብረት አዮን መስመሮች 1.257 እና 1.644 ማይክሮሜትር ላይ ይገኛሉ። በጸጥተኛ ደመና ውስጥ ብረት በአብዛኛው በአቧራ ቅንጣቶች ውስጥ ታስሮ ስለሚገኝ፣ የመስመሮቹ መድመቅ ቅንጣቶቹ በብርቱ ምት መሰባበራቸውን ያመለክታል። የኒዮን አዮን መስመር 12.8፣ የሰልፈር አቶም መስመር 25.2፣ የኦክስጅን አቶም መስመር ደግሞ 63.2 ማይክሮሜትር ላይ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ 2.3 እና 4.6 ማይክሮሜትር አካባቢ የተደረደሩ መስመሮች አሉት።

ውኃም በምት ይፈጠራል። ሙቀቱ ጥቂት መቶ ኬልቪን ሲያልፍ ነጻ የሆነ ኦክስጅን ከሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን ጋር እየተዋሐደ መጀመሪያ ሃይድሮክሲል፣ ቀጥሎም ውኃ ይሆናል። በተጨማሪም ምቱ በአቧራ ላይ የተጋገረውን በረዶ ያራግፋል። የሄርሸል የጠፈር ቴሌስኮፕ በረጅሙ የታህተ ቀይ ክልል ይህን የውኃ ተን በብዙ ጨቅላ ከዋክብት ዙሪያ ለክቷል።

ሌላው መረጃ የሚገኘው ከሁለቱ የሃይድሮጅን ዓይነቶች ነው። በኦርቶ ሃይድሮጅን የሁለቱ ኒውክሊየሶች ስፒን አንድ አቅጣጫ ሲይዝ፣ በፓራ ሃይድሮጅን ተቃራኒ ይሆናል። በሞቀ ጋዝ የኦርቶ ብዛት የፓራ 3 እጥፍ ነው፤ በቀዝቃዛ ደመና ግን ከዚህ በጣም ያንሳል። ጋዙ በድንገት ሲመታ ሙቀቱ ወዲያውኑ ቢጨምርም ይህ ንጽጽር ለመስተካከል ጊዜ ይወስዳል። ዴቪድ ኑፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ሄርቢግ–ሃሮ 54 እና ሄርቢግ–ሃሮ 7–11 በተባሉ አካላት ውስጥ ከ3 ያነሰ ንጽጽር አገኙ። ጋዙ ሞቆ ሳለ የቀድሞውን የቅዝቃዜ ምልክት ገና አልጣለም ነበር።

ከጠፈር የተደረጉ ምልከታዎች

በ1995 የመጠቀው የአውሮፓ የታህተ ቀይ ጠፈር ታዛቢ ከከባቢ አየር በላይ ሆኖ የኦሪዮንን ደማቅ ቦታ መረመረ። በ2000 የወጣው የሮዘንታል፣ የበርቶልዲና የድራፓትዝ ጥናት 56 የሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን መስመሮችን በአንድነት አቅርቧል። ከእነሱ የተሰላው ሙቀት ከ600 ኬልቪን እስከ 3,000 ኬልቪን በላይ የሚዘልቅ ነበር። በ2003 የመጠቀው ስፒትዘር ደግሞ ከ5 እስከ 38 ማይክሮሜትር ባለው ክልል የተመቱ ቦታዎችን ካርታ ሠርቷል።

ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ ምስልና ስፔክትረም እየወሰደ የእያንዳንዱን እብጥ ሙቀት ለይቶ ለማየት አስችሏል። በ2023 ቶም ሬይና ባልደረቦቹ በፐርሲየስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ፣ 1,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኘውን ሄርቢግ–ሃሮ 211 በዚህ ቴሌስኮፕ አጥንተዋል። የጅረቱ ውስጠኛ ክፍል በሰከንድ ከ80 እስከ 100 ኪሎሜትር ይጓዛል፤ ይሁን እንጂ የሚያበራው በአብዛኛው ሞለኪውል ነው። ምክንያቱም ጅረቱ የሚጋጨው ቀድሞ ከተወረወረና ራሱም ከሚጓዝ ጋዝ ጋር በመሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው የፍጥነት ልዩነት ሞለኪውልን ለመበተን አይበቃም። ጥናቱ የምቱን ብርታት የሚወስነው የጅረቱ ፍጥነት ሳይሆን በተጋጪዎቹ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ጠቀሜታ

የሞለኪውል ደመና በራሱ ስበት ብቻ ቢወድቅ ኖሮ ጋዙ አሁን ከሚታየው እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ወደ ከዋክብትነት በተለወጠ ነበር። በእውነቱ ግን ደመናው ከመበተኑ በፊት ወደ ኮከብ የሚለወጠው ከጋዙ ትንሹ እጅ ብቻ ነው። ከጨቅላ ከዋክብት የሚወረወሩ ጅረቶች ደመናውን በማናወጥና ጋዙን በመግፋት ለዚህ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። ድርሻቸው ምን ያህል እንደሆነ ለመመዘን፣ ጅረቱ ለደመናው የሚሰጠው ግፊትና ኃይል መለካት አለበት። ከዚህ ኃይል ከፍተኛው ክፍል በምቱ ቦታ በታህተ ቀይ ብርሃን መልክ ስለሚወጣ፣ የመስመሮቹ ድምቀት ሲደመር የኃይሉ ሒሳብ ይገኛል።

የተመታው ጋዝ ኬሚስትሪም ለፕላኔቶች አፈጣጠር ጥናት ያገለግላል። በምት የተፈጠረው ወይም ከአቧራ የተራገፈው ውኃ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ በቅንጣቶች ላይ ይጋገራል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ከጨቅላው ኮከብ ዲስክ ጋር እንደሚቀላቀልና ምን ያህሉ ከጅረቱ ጋር ርቆ እንደሚሄድ ለማወቅ፣ የውኃው መስመሮች ፍጥነትና ሙቀት ከሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን መስመሮች ጋር ይነጻጸራሉ።